የቲቸር ልጅ

ማርከሩ በመጨረሻ እሷ ዘንድ ደረሰ። ለምትሄደው መምህራቸው መሰናበቻ የሚጽፉበት ነጭ የላብራቶሪ ጋውን ከፊት ረድፍ ተነስቶ ዴስክ ለዴስክ ሲዞር ቆይቶ አሁን ጭኗ ላይ ተዘርግቷል። እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ኪሱ ሳይቀር በስምና በልብ ሥዕል ተሞልቷል። ባዶ የቀረችው ከሁለተኛው ቁልፍ በታች ያለች የመዳፍ ስፋት ብቻ ናት።

«አንቺን ደግሞ ምን አስጻፈሽ?» አለ ከጎኗ የተቀመጠው፣ አፉ ስለማያርፍ «ሬድዮ» የሚሉት ልጅ። «ማታ እራት ላይ ታገኚያቸው የለ እንዴ!»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ፈገግ ለማለት ሞከረች። ማርከሩን ሳትከፍት ከጋውኑ ጋር ለሬድዮ አሳለፈችው።

ሬድዮ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን በእናቷ ትምህርት፣ በባዮሎጂ፣ ጥሩ ውጤት ባመጣች ቁጥር «ፈተናው እነሱ ሳሎን ነው የሚወጣው አሉ» ይላል፤ ሌሎቹም ይቀበሉታል። ባለፈው ፈተና ማግስት ነገሩ አንገቷ ደረሰ። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ወረወረችና «ለምን ሌላ ትምህርት ቤት አትሄጂልኝም!» ብላ ጮኸች። ሽንኩርት እየከተፈች የነበረችው እናቷ ቀና አላለችም። «እሺ» ብቻ አለች።

እሷ ረሳችው። እናቷ ግን ዝውውር ጠየቀች።

«እማ፣ ተናድጄ እኮ ነው! ይቅርብኝ በያቸው» ብላ ለምናት ነበር፣ ዝውውሩ የተፈቀደ ዕለት።

«በቦታዬ ሰው ተመድቧል፣ የኔ ልጅ።»

አሁን እናቷ ሰሌዳውን ጠርጋ ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። «ልጆች፣ ብዙ አላወራም» አለች፤ ድምጿ ግን ከወዲሁ ሰለለ። «እዚህ ስመጣ ሳልቆጣ ማስተማር አልችልም ነበር። ጥጥ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ባቄላ ሲበቅል ያጨበጨባችሁ ዕለት ግን...» አልጨረሰችውም። ዞር ብላ የጠራውን ሰሌዳ እንደገና ጠረገችው።

ፊት ያለችው ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ሬድዮ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ግን ለምንድን ነው የሚሄዱት? እኛ አስቸግረንዎት ነው?»

እናቷ ልጇ ወደተቀመጠችበት የመጨረሻ ረድፍ አላየችም። አለማየቷን ልጅቷ ልብ አለች።

«ኧረ በጭራሽ! አዲሱ ትምህርት ቤት ለቤቴ ስለሚቀርብ ነው።»

ሁሉም አመኑ። እዚህ በእግር እንደሚመጣ፣ እዚያ ለመድረስ ግን ሁለት ታክሲ እንደሚያስይዝ የሚያውቁት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ልጅቷ ለመናገር አፏን ከፈተች። ደወሉ ቀደማት።

ተማሪዎቹ መምህራቸውን እያቀፉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወጡ። ሬድዮ ጋውኑን በመምህሯ ትከሻ ላይ ደርቦላት ሄደ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን እናቷ መጻሕፍቷን በሁለት ፌስታል ይዛ እንደ ልማዷ ወደ ጓሮ በር አመራች። በዚያ በኩል የሚወጣ ተማሪ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ የተመላለሰችው ለልጇ ስትል ነው።

ልጅቷ ሮጣ ደረሰችባትና ከበድ ያለውን ፌስታል ከእጇ ወሰደች።

«ተይ፣ ሰው ያየናል» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

«ይየን።»

ክንዷን ይዛ ወደ ዋናው በር፣ ተማሪ ወደ ሞላበት ሜዳ መለሰቻት። አንዳንዱ ጨዋታውን አቁሞ ዞር አለ። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከቤት የሚወጡት ለየብቻቸው ነው። ሜዳው መሀል ሲደርሱ ልጅቷ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች።