ሳልጠይቅ የለቀቅኩት ፍላጻ

ወዳጄ፣ አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ ጋኔን ምናምን እያልኩ የምኖር ሰው አልነበርኩም፣ ሰቆጣ ውስጥ የሚያውቀኝን ሁሉ ጠይቅ፣ ሰው ተሰብስቦ እገሌ ወንዝ ዳር እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ማለት ሲጀምር "ጠጥቶ ነው" ብዬ ወሬውን የማበላሸው እኔ ነበርኩ፣ ለዚህም ስንቱ ተቀይሞኛል። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ በአደን የተከዜን ቆላ ብቻዬን ስዞር፣ ዋሻ ውስጥ ስተኛ፣ ከጅብ የባሰ ነገር አላጋጠመኝም። ያን ቀን ግን አጋጠመኝ፣ እሱም በሌሊት አይደለም፣ ሌሊት ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ነው ብዬ እተወው ነበር፤ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው የሆነው።

ጊዜው ደርግ ነው፣ ያ የሰባ ሰባቱ ድርቅ። እኛ የምንኖረው ዝቋላ ነበር፣ የዋጉ ዝቋላ፣ ከጽጽቃ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ማሽላው በቁሙ ደርቆ፣ ፍየሎቹ አንድ በአንድ አልቀው፣ ሰው ሌላ ሰው ቤት ጭስ ሲያይ ምን አገኙ ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ። እኔ ምንሽር ነበረኝ፣ የአባቴ፣ በሱ ነበር ቤቴን የምደግፈው፣ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለምዝገባ ነው ብሎ ሰብስቦ ወሰደው፣ ተመዝግቦ ይመለሳል አለን፣ እስከ ዛሬ እየተመዘገበ ነው። ጠመንጃ የሌለው ወንድ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ላንተ ማስረዳት አልችልም፣ ውሻዬ እንኳ የናቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ያኔ ነው አበርገሌ ድረስ ወርጄ አያ ወልዳይ ዘንድ የሄድኩት። አያ ወልዳይ በዚያ ቆላ በቀስት የሚያድኑ የመጨረሻው ሽማግሌ ነበሩ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው አማርኛና ኽምጣንጋ የተቀላቀለ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው። ቀስታቸውን ሲያሳዩኝ፣ እውነቴን ነው፣ ሳቄ መጣ፤ ከሌንቋጣ እንጨት የተሠራ፣ የበሬ ጅማት የተወጠረበት፣ ፍላጻው ደግሞ የብረት ጫፍ ያለው ሸምበቆ።

"አያ፣ እርስዎ በዚህ ነው የሚያድኑት፣ ወይስ ወፍ ከማሽላ የሚያባርሩበት ነው?" አልኳቸው።

"ያ ምንሽርህ ስንት እርምጃ ይደርሳል?" አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

"ሦስት መቶም አራት መቶም።"

"በአራት መቶ እርምጃ አውሬው ወንድ ይሁን ሴት፣ ግልገል ይኑራት አይኑራት ለይተህ ታውቃለህ? አታውቅም። እኔ ሃያ እርምጃ ካልቀረብኩ አልለቅም። ሃያ እርምጃ ላይ ጡቷን አያለሁ፣ የምታጠባ ከሆነች እጄን እመልሳለሁ።"

"ሌባ ቢመጣብዎትስ? በዚህ ሊመልሱት ነው?"

ይሄን ስል "ሌባን የሚመልሰው የጠመንጃው ድምፅ ነው፣ ጥይቱ አይደለም" አሉኝ። "አንዴ ወደ ሰማይ ብትተኩስ አገር ይሰማል፣ ሌባውም ይሄዳል፣ አንተም የሰው ደም ሳይኖርብህ ታድራለህ። ቀስት ግን ድምፅ የለውም፣ ማስፈራራት አያውቅም፣ ወይ ይገድላል ወይ ይስታል። ስለዚህ ድምፁ አንተ ነህ። ከመልቀቅህ በፊት 'ሰው ነህ?' ብለህ ትጠይቃለህ። ሰው ከሆነ ይመልስልሃል፣ አውሬ ከሆነ ቀና ብሎ ያይሃል፣ ያኔ ትለቃለህ።"

"ሮጦ ቢያመልጠኝስ?"

"ያምልጥህ። ደግሞ ዘንድሮ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ረሃብ የሰውን ቁመት አሳጥሯል።"

ቀስቱንና ሦስት ፍላጻ እንዲሁ ሰጡኝ፣ ዋጋ አልጠየቁኝም፣ ግን ሳትጠይቅ አትልቀቅ ብለው በቅዱስ ሚካኤል አስማሉኝ። እኔም ማልኩ፣ ምን ቸገረኝ፣ ሆድ ሲርብ መማል ቀላል ነው።

ሁለት ወር ተለማመድኩ፣ አንድ ሁለት ጅግራ ጣልኩበት፣ ሌላ የለም። በዚህ መሀል ባለቤቴ ዝናሽ ወለደች፣ ሴት ልጅ። ክርስትና ሳትነሳ ገና የዝናሽ ጡት ደረቀ፣ እናቲቱ ራሷ ቅጠል እየቀቀለች እየበላች ወተት ከየት ይምጣ። መጀመሪያ ሕፃኗ ሌሊቱን ሙሉ ታለቅስ ነበር፣ እኔም እበሳጭ ነበር፣ ከዚያ አንድ ቀን ማልቀስ አቆመች። ወዳጄ፣ ያ ዝምታ አይድረስብህ። ጡቱን ስትሰጣት አፏን ከፍታ ትይዘዋለች፣ አትስብም፣ ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን ታያለች።

ጠዋት ቀስቱን ሳነሳ ዝናሽ ከተኛችበት "ሞላ" አለችኝ። "እኔ ካልበላሁ እሷ ነገ ከነገ ወዲያ የለችም። ጾም ይሁን ፍስክ አልጠይቅህም፣ የሆነ ነገር ይዘህ ና። ካላገኘህ አትምጣ፣ አንተ እያየኸኝ ልጄን መቅበር አልችልም።" አልቆጣችም፣ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ወደ ተከዜ በሚወርደው ሸለቆ ውስጥ አንዲት ኩሬ ብቻ ቀርታ ነበር፣ ከድንጋይ ሥር የምትመነጭ፣ ሌላው ውሃ ሁሉ ደርቋል። ውሃ ሊጠጣ የመጣን አውሬ መግደል ራሱ በእኛ አዳኞች ዘንድ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ነውሩን ማን ያየዋል ብዬ ከኩሬው በላይ ካለች ቋጥኝ ጀርባ ከረፋዱ ጀምሮ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ይጠብሳል፣ ከወፍ በቀር ምንም የለም። ቀትር አለፈ፣ ጥላው ዞረ፣ እኔም ሁለት ሦስቴ ሳላንቀላፋ አልቀረሁም፣ ይህን አልደብቅህም።

ፀሐይዋ ወደ ገደሉ ጫፍ ስትጠጋ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቤት ሊገባ የመጣ እንግዳ ደጅ ላይ እንደሚያደርገው። ዞር ብዬ አየሁ፣ ማንም የለም። ዝንጀሮ ነው አልኩ። ቆየት ብሎ ጠጠር ተንሸራተተ፣ ቅጠል ተንሿሿ፣ ከዚያ በቁጥቋጦው ቅርንጫፍ መሀል አንድ ቡናማ ጀርባ ውሃው ላይ ጎንበስ ሲል አየሁ። ሃያ እርምጃ አይሞላም። ራሱ አይታየኝም፣ እግሩም አይታየኝም፣ ጀርባው ብቻ፣ ውሃ ሲጠጣም ይሰማኛል።

ቀስቱን ሳብኩ። አፌንም ከፈትኩ፣ እመነኝ ከፍቼው ነበር፣ "ሰው" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ብናገር ይሮጣል፣ ከሮጠ ሌላ አይመጣም፣ ሌላ ካልመጣ ልጄ የለችም። አፌን ዘጋሁት፣ ፍላጻውንም ለቀቅኩት።

"እህ" አለ። ሸክም ከባድ ሲሆንበት ሰው የሚለው ዓይነት "እህ"፣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ቁጥቋጦው ገባ።

አዳኝ ነኝና ብዙ የቆሰለ አውሬ ሰምቻለሁ፣ ድኩላም ሲመታ እንደ ሰው የሚያሰማበት ጊዜ አለ፣ ይሄን ለራሴ እያልኩ ነው ወደ ኩሬው የወረድኩት። ዳሩ እርጥብ አሸዋ ነበር። አሸዋው ላይ የሰው ባዶ እግር ዱካ አለ፣ ሁለት ጉልበት የተንበረከከበት ጉድጓድ አለ፣ ከጎኑ የደም ጠብታ አለ። የሰኮና ዱካ ፈለግሁ፣ ተንበርክኬ በእጄ እየዳበስኩ ፈለግሁ፣ አንድ አላገኘሁም።

ተነሳሁና "ሰው ነህ?" ብዬ ጮህኩ፣ አሁን፣ ከለቀቅኩ በኋላ። መልስ የለም። ደሙን ተከትዬ ትንሽ ገባሁና ደግሜ "ሰው ነህ?" አልኩ፣ ዝም። በሦስተኛው ግን፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ከኋላዬ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ከተቀመጥኩባት ቋጥኝ አካባቢ፣ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ "ሰው ነህ?" አለኝ።

ገደሉ ነው ትለኛለህ፣ ድምፅህን መልሶልህ ነው ትለኛለህ። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እንደዚያው እለው ነበር። ግን የገደል ድምፅ ወዲያው ነው የሚመለሰው፣ ይሄ እኔ ዝም ካልኩ በኋላ ብዙ እርምጃ ሄጄ ነው የመጣው። ደግሞ እኔ እየጮህኩ ነበር፣ እሱ አልጮኸም። ነኝ ልል ፈልጌ ነበር፣ አልወጣልኝም።

ወደ ኋላ መሄድ ስለፈራሁ ወደ ፊት ሄድኩ። ግራር ሥር አንድ ድኩላ ተኝቷል፣ ወንድ፣ ቡናማ፣ ጎኑ ላይ የእኔ ፍላጻ ተሰክቶበታል፣ ላባውን ዝናሽ በቀሚሷ ክር ያሰረችልኝ ነው፣ አልሳሳትም። በደስታ ላዩ ላይ ወደቅኩበት። ከዚያ እጄን አነሳሁ፣ ድኩላው ቀዝቃዛ ነበር። እግሩ ደርቆ አልታጠፍ ይላል፣ ዓይኑ ላይ ዝንብ ሰፍሯል፣ ማለዳ የሞተ ነገር እንጂ አሁን የተመታ አይደለም። እኔ ከለቀቅኩ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ቡና እንኳ አይፈላበትም።

እንግዲህ አስብ። ነፍስ እያለው ደርሰህ በስመ አብ ብለህ ካልባረክኸው በክት ነው፣ ክርስቲያን አይበላውም፣ በጠመንጃ ስናድን እንኳ ቢላዋ ይዘን የምንሮጠው ለዚህ ነው። እኔ የቀዘቀዘ አንገት ይዤ "በስመ አብ" አልኩና አረድኩ፣ አንዲት ጠብታ ደም አልወጣም። ተሸክሜው ወጣሁ፣ ዳገቱን ሁሉ ከኋላዬ ያ ጉሮሮ ሲጠረግ እየሰማሁ፣ አንድ ጊዜም ሳልዞር።

ዝናሽ ሥጋውን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ነፍስ እያለው ደረስክበት?" ብላ ነው።

"አዎ" አልኳት።

በላች። በሦስተኛው ቀን ወተቷ መጣ፣ ሕፃኗም ሳበች፣ ከዚያም አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ።

በዚያው ሰሞን አረጋሽ የምትባል ሴት ከጋራው ማዶ መጣች። ባሏ ታረቀ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ አልተመለሰም፣ ጋቢውን ለእህል ስለሸጠው ደበሎ ነበር የለበሰው፣ የፍየል ቆዳ፣ ቡናማ፣ አይታችሁታል ወይ አለች። ዝናሽ ወደ እኔ አየች። እኔ አላየሁም አልኩ። ዝናሽም አዝናላት ከቋንጣው ሰጠቻት። ያቺ ሴት ስትቆም የምትንገዳገድ፣ ስንት ቀን እህል ያልቀመሰች፣ አንዴ አኘከችና መልሳ መዳፏ ላይ አወጣችው። "ይቅርታ እህቴ፣ አልወርድ አለኝ" አለች፣ ራሷም ገርሟት።

በማግስቱ ታረቀን ከሚፈልጉት ሰዎች ጋር ወደ ኩሬው ወረድኩ። ወደ ሰቆጣ እርዳታ የሚጓዘው ሕዝብ ሌሊቱን ኩሬው ዳር አድሮ ኖሮ አሸዋው ሁሉ ተረግጧል፣ ደሙም የለም፣ ሬሳም የለም። አንዱ ለሰፈራ አፍሰው ወስደውት ይሆናል አለ፣ አንዱ ጫካ ገብቶ ይሆናል አለ፣ በዚያ ዘመን ሰው የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። አያ ወልዳይ ጋ ሄጄ ልናገር አስቤ ነበር፣ ስደርስ በዚያው ወር አርፈዋል አሉኝ።

ልጄ ክርስትና ስትነሳ ዝናሽ ክርስትና እናት አድርጋ የመረጠችው ማንን መሰለህ፣ አረጋሽን ነው፣ ብቻዋን ቀረች፣ ዘመድ ትሁነን ብላ። ምን ብዬ ልከልክል። ልጅቷ ዛሬ የልጆች እናት ናት፣ ሰቆጣ ነው የምንኖረው ሁላችንም፣ አረጋሽም አርጅታ በየበዓሉ እኛ ቤት ናት፣ ሥጋ ግን ከዚያ ወዲህ በአፏ አልዞረም፣ ለታቦት ተስላ እንደሆነም አልነገረችኝ። እኔም ሌሎች ተነስተው ሲሄዱ ከእሷ ጋር ብቻዬን መቀመጥ አልችልም፣ ከሁለታችን ሌላ የሚተነፍስ ሰው ያለ ይመስለኛል። ያ ድኩላ ምን ነበር? የማን ደም ነበር አሸዋው ላይ? አላውቅም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ያ ቀን ተመልሶ ቋጥኙ ጀርባ ብቀመጥ ከመልቀቄ በፊት እጠይቅ ነበር ወይ ብትለኝ፣ ልጄን እያየሁ እንዲህ ነው ልልህ አልችልም።

ለታረቀ እስከ ዛሬ ተዝካር አልወጣለትም፣ ሲሞት ያየ ሰው ስለሌለ። ባለፈው እሑድ አረጋሽ አጠገቤ ተቀመጠችና "ሞላ ወንድሜ፣ እኔም መሄጃዬ ደርሷል፣ ተዝካሩን ላውጣለት ይሆን? ምናልባት በሕይወት ካለ በቁሙ መግደል ይሆንብኛል፣ አንተ ምን ትላለህ?" አለችኝ። ልጄ ከጓዳ ሆና ትሰማለች።

"ትንሽ እንጠብቅ" አልኳት።