ያልተጠጣው አጥሚት

አንሙት ጠዋት ከቤቱ ደጃፍ፣ ከድንጋይ ደረጃው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ልጁን ልትመልስ የመጣችው ጎረቤቱ ወለተ ሐዋርያት ናት። የልጅቷን ዐይን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ራሷ ቤት መለሰቻት።

«አዳልጦት ነው» አሉ የተሰበሰቡት።

ኢንስፔክተር እየሩስ ጎንበስ ብላ የሟቹን ኮት አየች። ኮሌታው ከስፌቱ ተገንጥሏል።

«ደረጃ ኮሌታ አይዝም» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

መደቡ ላይ ፔርሙዝ ተቀምጧል። ከፈተችው። አጥሚት ነው፤ አንድ ጉንጭ እንኳ አልጎደለም። በማንኪያ ቀድታ ስታፈሰው እንደ ውሃ ወረደ፤ በጨርቅ የተጣራ ነው።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ አይደለሁም» አለች ወለተ ሐዋርያት። «ደግሞስ ለማን ብዬ? ሂዊ ትናንት ካዲስ አበባ ስትመጣ ቆሎዋን እየቆረጠመች ነበር። ደክሟት እኔው ጋ አደረች እንጂ ምን ሆና!»

ሂዊ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስትወለድ ከንፈሯም ላንቃዋም የተሰነጠቀ ነበር። ሁለቱም በሕፃንነቷ ተሰፍተዋል፤ የቀረው የላይኛው ድዷ ላይ ያለው ክፍተት ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሐኪም ዘንድ ይዟት የሚመላለሰው አባቷ ብቻ ነበር።

እየሩስ አዲስ አበባ ላሉት ሐኪም ደወለች።

«ቀዶ ሕክምናውን አልሠራንላትም» አሉ። «ከዳሌዋ አጥንት ወስደን ድዷ ላይ እንተክላለን። ግን ጊዜ አለው። ክራንቻ ጥርሷ ሥር ይዞ፣ ገና ሳይወጣ ነው የሚሠራው። በራጅ ስናየው አልደረሰም። ከቸኮልን የመንጋጋዋን ዕድገት ሊጎዳው ይችላል፤ ከዘገየን ጥርሱ የሚቆምበት አጥንት ያጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ አምጣት ብለነው ነበር። አሁን ማን ያመጣታል?»

እየሩስ ስልኩን ዘግታ ወደ ወለተ ሐዋርያት ቤት ተሻገረች።

ልጅቷን ጠየቀቻት። «ለሕክምና መሄዳችሁን ማን ያውቃል?»

«አባዬ ወሬ ይሆናል ብሎ ለእትዬ ወለተ፣ ለይታያልና ለአጎቴ ብቻ ነው የነገረ።»

ይታያል ግቢው ውስጥ የተከራየ ዲያቆን ነው። «ሻንጣቸውን ከመናኸሪያ የተሸከምሁት እኔ ነኝ። እንዴት ሆነ ስላቸው፣ ጥርሷ አልደረሰም ተባልን አሉኝ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ።»

አጎቷ ዘመነ መርዶውን ሰምቶ ከሚኖርበት ከይጁቤ በሚኒባስ መጥቷል። የወንድማማቾቹን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው፤ ሚስትም ልጅም የለውም።

«ከሄዱ ወዲህ ይህን ደጅ አልረገጥሁም» አለ። «ስልኩም ዝግ ነበር።»

ከቀብር መልስ እየሩስ ሦስቱንም ቤት ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«አጥሚቱ የመጣው አፏ ለቆሰለ ልጅ ነው» አለች። «እንግዲህ ያመጣው ሰው ሕክምና መሄዷን ያውቃል፤ ያንን የሚያውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ግን አለመሠራቷን አልሰማም። ወለተ ሐዋርያት ቆሎ ስትበላ አይታለች። ይታያል ከአባቷ አፍ ሰምቷል። ስልክ ዝግ የሆነበት አንድ ሰው ነው።»

ዘመነ ፔርሙዙን እያየ ነበር።

«ሦስቴ ነው ያጣራሁት» አለ። «እንዳያማት ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«የሚመለሱበትን ቀን ሳይሄዱ ነግሮኝ ስለነበር ማታ መጣሁ፤ ብቻውን አገኘሁት። ጥርሷ እስኪደርስ አዲስ አበባ እንቀመጣለን፣ ከሐኪሟ አልርቅም አለኝ። እናንተም ከሄዳችሁ እኔ ከማን ጋር ላውራ አልሁት። ሳይመልስልኝ ወደ ውጭ ወጣ። ተከትዬ ኮሌታውን ያዝሁት። እንዳይሄድ ነበር። ሲመነጨቅ… ኮሌታው ተተረተረና እሱ ከደረጃው ወደቀ።»

«ትተኸው ሄድህ?» አለች ወለተ ሐዋርያት።

«ትንፋሽ አልነበረውም እትዬ። የማደርገው ጠፋኝ።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ሂዊ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። እየሩስ አጠገብ መጥታ አፏን ከፈተች።

«አባዬ ጠዋት ጠዋት ያይልኝ ነበር። ጥርሴ ወጥቷል?»

እየሩስ የስልኳን መብራት አበራች። ወጥቶ ቢሆንስ ብላ ፈራች። ድዱ ባዶ ነው።

«አልወጣም።»

«ነገስ ማን ያይልኛል?»

ወለተ ሐዋርያት ተነሣች፤ ከደጅ እጇን ስትታጠብ ውሃው ተሰማ። ተመልሳ ከልጅቷ ፊት ተንበረከከች።

«የቱ ጋ ነው? እስቲ አሳዪኝ።»

ሂዊ የሴትዮዋን እርጥብ ጣት ይዛ ድዷ ላይ አስቀመጠችው።