አልዘጋም ያለው ልሳን

አቶ አበጋዝ ለመሞት በገዛ ድምፃቸው ፈቀዱ። የሆስፒታሉ ቃል አሻጊ ዘምዘም ቃላቸውን አሸገችና ቁርሷን ልትበላ ወረደች።

ክፋት አይደለም፣ ሥራዋ ነው። በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሰ ሁሉ ከጆሮው ጀርባ የገብስ ፍሬ የሚያህል መሣሪያ ይቀበርለት ነበር። ስሙ አደራ-ልሳን ነው። ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን የሚናገረውን እየሰማ ልቡን ያጠናል፤ ሰውየው ታሞ ራሱን ሲስት ደግሞ በእሱ ድምፅ ስለ ሕክምናው ይወስንለታል። ከእንግዲህ ዘመድ በበሽተኛ አልጋ ላይ አይጣላም ተብሎ ስንት ተጨብጭቦለታል! ደንቡም አጭር ነው። ልሳኑ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ የመለሰው ይታሸጋል፣ ሐኪም ይፈጽማል። ዳግመኛ መጠየቅ ማስገደድ ነው።

አንዲት የታወቀች ብልሽት ብቻ ነበረች። አንዳንዱ ልሳን ቃሉን ሰጥቶ ሲያበቃ መዘጋት ሲገባው አይዘጋም፤ ከቆዳ ሥር የሚታየው አረንጓዴ መብራቱ እንደበራ ይቀራል። ባለሙያዎቹ «መንጠልጠል» ይሏታል። መድኃኒቷ ቀላል ነው፣ በአውራ ጣት ጫን ማድረግ። የአቶ አበጋዝም ልሳን «አይ ልጄ፣ ለእኔ አትልፉ» ካለ በኋላ ተንጠልጥሎ ነበር። ዘምዘም ጫን አድርጋ ዘጋችው። ሰውየው ጠያቂ ስላልነበራቸው የተከራከራት የለም።

ከቀትር በኋላ ተራው የወይዘሮ የትምወርቅ ሆነ። የጦሳ ተራራ ጉም የሆስፒታሉን መስኮት ሸፍኖታል። ወይዘሮዋ ራሳቸውን ስተው ተኝተዋል፤ ልጆቻቸው ካሳዬና ጀማነሽ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው እንደ ባላንጣ ይተያያሉ። የእናታቸው ጉበት ሥራ አቁሟል። ከራሳቸው ሥጋ ተወስዶ በብልቃጥ የበቀለ አዲስ ጉበት ምድር ቤት ተዘጋጅቷል፤ ዛሬ ካልተተከለ እሱም ይበላሻል፣ እሳቸውም ይሞታሉ።

ዘምዘም ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። «ወይዘሮ የትምወርቅ፣ አዲሱ ጉበት ይተከልልዎት?»

ልሳኑ በእናትየው ለስላሳ ድምፅ መለሰ። «አይ፣ ይቅርብኝ። እኔ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ? ለእኔ ብላችሁ አትድከሙ።»

ካሳዬ ኮቱን አነሳ። «ሰማሽ አይደል? አለቀ። አሽጊው።»

«ምኑ ነው የሚያልቀው?» ጀማነሽ ጮኸች። «ሸክም ሆናብህ ነው እንዲህ የቸኮልከው!»

«እናቴ አልፈልግም ካለች አልፈልግም ነው! ዕድሜዋን ሙሉ ቃሏን ሰምተሻት አታውቂም። ጠገብኩ ስትልሽ ታጎርሻታለሽ፣ ደከመኝ ስትልሽ ሰርግ ለሰርግ ትጎትቻታለሽ።»

«አንተማ ምን አለብህ! አልመጣም ስትልህ እሺ ብለህ ጥለሃት ትሄዳለህ።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንድ ጡት የጠቡ አይመስሉም። ዘምዘም ሁለቱንም ጠላቻቸው። አይታ ያልጠገበችው ጠብ ቢሆን ኖሮ ታዳምጥ ነበር፤ እሷ ግን ጠግባለች። አረንጓዴው መብራት እንደበራ ነው፣ ይሄም ተንጠልጥሏል። አውራ ጣቷን ዘረጋች።

ጀማነሽ ገፈተረቻትና እናቷ ላይ ተደፋች። «እማዬ፣ አፈር ስሆን! ይተከልልሽ!»

«ተይ እንጂ ልጄ» አለ ልሳኑ፤ «ምን አለፋሽ?»

ዘምዘም ደነገጠች። ቃሉን የሰጠ ልሳን ዳግመኛ ሲናገር ሰምታ አታውቅም።

«በሞቴ እማዬ! እምቢ ካልሽ እኔም እህል አልቀምስም። ስሞትልሽ እሺ በይኝ!»

ልሳኑ ተረታ። «ኧረ በቃ፣ እሺ። ለአንቺ ስል ነው እንጂ… ይተከል።»

መብራቱ በራሱ ጠፋ።

«አስገደደቻት!» ካሳዬ ዘምዘም ላይ ጣቱን ቀሰረ። «ደንቡ የመጀመሪያውን ቃል ነው የሚለው። ሌላ ብታሽጊ ከሥራሽ አስነቅልሻለሁ!»

ስለ ደንቡ ያለው እውነት ነበር። ዘምዘም ማሸጊያ መሣሪያዋን ከልሳኑ ጋር አገናኘችና ዕድሜ ልኩን የሰማው የተከማቸበትን ማኅደር ጠየቀች። «ወይዘሮ የትምወርቅ ምግብ ሲቀርብላቸው ገና በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብለው ያውቃሉ?»

«አያውቁም» አለ መሣሪያው፣ አሁን በራሱ ደረቅ ድምፅ።

«ሲለመኑስ?»

«ይበላሉ።»

«እምቢ እንዳሉ የቀሩበት ጊዜ የለም?»

«አለ። ልጃቸው ካሳዬ ሲጠይቃቸው። እሱ ጥያቄውን አይደግምም።»

ካሳዬ ኮቱን መልሶ አስቀመጠ። ዘምዘም «ይተከል» የሚለውን ቃል አሸገች።

ጉበቱ ተተክሎላቸው ወይዘሮ የትምወርቅ ዓይናቸውን ሲገልጡ ሦስቱም አጠገባቸው ነበሩ። ዘምዘም የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን አላመሰገኗትም።

«ማን ለመነኝ?» አሉ።

«ጀማነሽ።»

«ካሳዬስ?»

ካሳዬ ራሱ ተናገረ፣ በቁጣ። «አልፈልግም ስትይ ሰማሁሽ። ቃልሽን አከበርኩ። ይሄ ጥፋት ነው?»

«አከበርከኝ?» እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አንድ ቀን እንኳ እስቲ በሞቴ ብትለኝ ምናለበት? እኔ እኮ አልፈልግም የምለው ትፈልገኝ እንደሆነ ለማየት ነው።»

ካሳዬ በሩን ወርውሮት ወጣ። ጀማነሽ አልተከተለችውም።

ዘምዘም ግን ወጣች፤ እግሯ ሳታስበው ወደ አቶ አበጋዝ ክፍል ወሰዳት። አልጋው ባዶ ነው፤ በአዲስ አንሶላ ተነጥፏል። ባለሙያዎቹ ያን ሁሉ ዘመን መሣሪያው ውስጥ ብልሽት ሲፈልጉ ኖረዋል፤ መሣሪያው ግን ምንም አልሆነም ነበር። የሰውን ይሉኝታ አሳምሮ አጥንቶታል። ያልገባቸው ደንቡን የጻፉት ሰዎችና ያሸገችው እሷ ናቸው። ስንት በርቶ የቀረ መብራት እንደዘጋች ልታስብ ሞከረችና ፈራች። አቶ አበጋዝ ለእኔ አትልፉ ብለው ሲያበቁ ይጠብቁ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። እሷም «እሺ» ብላቸዋለች።

አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አፈር ስሆን» አለች።