የመጫኛውን ጫፍ ማን ያዘው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከተቀመጥኩበት ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ቢሮ ውስጥ እንኳ ባልደረቦቼ እከሌ መንገድ ላይ አንድ ነገር ታየው፣ እከሊትን ማንም በሌለበት ስሟን ጠሯት ምናምን ሲሉ «ሥራ ፈታችሁ እንዴ፣ ፋይሉን አምጡት» ብዬ አቋርጣቸዋለሁ፣ ስለዚህ ይህንን ስነግራችሁ በራሴ እያፈርኩ ነው፣ ብትስቁብኝ ግድ የለኝም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አዳምጡኝ።

ነገሩ የመጣው ከእረፍት ጣጣ ነው። እኔ የወረዳ ሠራተኛ ነኝ፣ ባለቤቴ ትዕግስት ነርስ ናት፣ የምንኖረው ንፋስ መውጫ ነው፣ ልጆቻችን የአሥራ አንድ ዓመቷ ቤዛና የአምስት ዓመቱ ናቲ የጎረቤት ልጆች ጣና ላይ ጀልባ ተሳፈርን ብለው ካወሩላቸው ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ባሕር ዳር ካልሄድን ብለው ጨቀጨቁኝ። የእኔ ኪስ ደግሞ ሆቴል የሚባል ነገር አይደፍርም። እናም ጳጉሜ ላይ «ተራራ እንወጣለን» አልኳቸው፣ የትዕግስት አጎት አያ ደርሶ ጉና ግርጌ ነው የሚኖሩት፣ ማደሪያው በነጻ፣ ምግቡ ከጓሮ፣ እኛ የያዝነው ስኳር፣ ሳሙናና ማካሮኒ ብቻ ነበር። ትዕግስት «ይሄ እረፍት ነው ዘመድ ጥየቃ?» እያለች እስክንደርስ ስታሾፍብኝ ነበር።

ግን እመኑኝ፣ እንደዚያ ተደስተን አናውቅም። ልጆቹ የባቄላ እሸት ጠበሱ፣ በአያ ደርሶ ፈረስ በተራ በተራ ዞሩ፣ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን በጠጠር ገበጣ ተጫወትን፣ ናቲ ሲሸነፍ ጠጠሩን ይውጠዋል ብለን ስንሰጋ ነበር። እኔ ደግሞ ያው ሐሳብ አያልቅብኝም፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ አህያ የሚጭኑበትን የጠፍር መጫኛ ከአያ ደርሶ ተውሼ «ዛሬ ከፍ ብለን ሜዳው ላይ ገመድ ጉተታ ነው» አልኩ። አያ ደርሶ መጫኛውን ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፣ «ጉም ከወረደባችሁ ባላችሁበት ቁጭ በሉ፣ እስኪገልጥ እንዳትነቃነቁ» አሉኝ። «እሺ፣ አያ» አልኩ፣ እኔ እሺ ማለት አይቸግረኝም።

ሜዳው ላይ ሴቶች በአንድ ወገን ወንዶች በአንድ ወገን ሆነን ተጓተትን፣ ተሸነፍን፣ ከዚያ የሩፋኤል ዝናብ መጣና ልጆቹን ከነልብሳቸው ለቀቅናቸው፣ በረከት ነው ብላ ትዕግስትም ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ቆመች። ዝናቡ ባባራ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ጉሙ ወረደ። የንፋስ መውጫ ሰው ጉም አያውቅም አትበሉኝ፣ አውቃለሁ፣ ይሄ ግን የዘረጋሁትን እጄን ከክርኑ በታች የዋጠ ጉም ነበር። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነው፣ ብርሃን አለ፣ ግን ምንም አይታይም።

ትዕግስት «አጎቴ ያሉህን ሰምተሃል፣ እንቀመጥ» አለች። እኔ ናቲን ስዳስሰው ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ልብሱ ሲጨመቅ ውሃ ነው የሚወጣው፣ ያስላልም። «ልጁን ብርድ ሊገድለው ነው፣ ቁልቁል እስከሄድን ድረስ ቤቱ አይጠፋንም» አልኳት። መላው መጣልኝ። እኔ ከፊት፣ ቤዛ መሐል፣ ትዕግስት ናቲን አዝላ ከኋላ፣ ሁላችንም መጫኛውን እንይዛለን፣ ንፋሱ ድምፅ ስለሚወስድ እኔ አንዴ ስስብ እሷ ከጫፍ ሁለቴ ትስባለች፣ አለን ማለት ነው። ለቤዛ መሐሉን አስያዝኳትና ጫፉን ወደ ኋላ ወደ ጉሙ ዘረጋሁት፣ እጅ ተቀበለኝ። «ያዝሽ?» አልኩ፣ ጫፉ ሁለቴ ተሳበ።

ሄድን። አንዴ እስባለሁ፣ ሁለቴ ይመለስልኛል። ልቤ ረጋ፣ እንዲያውም በብልሃቴ እየኮራሁ ነበር፣ ለአያ ደርሶ እንዴት እንደማወራላቸው ሁሉ እያሰብኩ ነበር። ምናልባት ሃያ ደቂቃ ከሄድን በኋላ ግን ሳልጠይቅ ሁለቴ ተሳበ። ቸኩላ ነው አልኩ። ትንሽ ቆየና አሁንም ሳልጠይቅ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ወዲያው ሁለቴ። መጫኛው ከበደኝ፣ ከኋላ ያለው ሰው መሄዱን ትቶ የቆመ ያህል ጎተተኝ።

ያኔ ነው የትዕግስትን ድምፅ የሰማሁት። ከኋላዬ አይደለም። ከላይ ነው፣ ከሩቅ፣ ከመጣንበት ከሜዳው። ስሜን ጠርታ «የት ጥለኸን ሄድክ?» ትላለች፣ ድምፅዋ በለቅሶ ተቆራርጧል። ቆምኩ። በዚያው ቅጽበት መጫኛው በእጄ ውስጥ ሁለቴ ተሳበ፣ በቀስታ።

ቤዛን ጎትቼ ወደ ደረቴ አስጠጋኋት። «እናትሽ የታለች?» አልኳት በሹክሹክታ። «ከኋላዬ ናት» አለችኝ፣ «ናቲን እሹሩሩ እያለችው ነው የመጣችው።» ወደ ጉሙ ዞሬ «ትዕግስት፣ አንቺ ነሽ? ተናገሪ» አልኩ። ቃል የለም። ሁለቴ መሳብ ብቻ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሚስቴና ልጄ ወይ ከላይ ናቸው ወይ ከኋላዬ ናቸው፣ አንዱን ስይዝ ሌላውን እጥላለሁ፣ ለማሰብም ጊዜ የለኝም። ይሄኛው አልተናገረም፣ ያኛው ስሜን ጠርቷል፣ የነበረኝ ምክንያት ይህቺ ብቻ ናት። «ልቀቂው» አልኳት ቤዛን። ለቀቅን። መጫኛው በሣሩ ላይ እየተንሿሸሸ ሄደ፣ ሰው እየጠቀለለ የሚሰበስበው በሚመስል አካሄድ፣ ሳይቸኩል። ቤዛን አዝዬ ዳገቱን በአራት እግሬ ወጣሁት ብላችሁ ይቀላል።

ድምፅዋን ተከትዬ ትዕግስትን ሜዳው ላይ አንድ የጅባራ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት፣ ናቲ ጭኗ ላይ ተኝቷል። እኔን ስታይ ተነስታ ደረቴን በቡጢ መታችኝ። «አልሄድም፣ እቀመጣለሁ አላልኩህም? ልጄን ጥለህ መንገድ ጀመርክ?» አለችኝ። መጫኛውን ያዝሽ አይደል ብላት «የምን መጫኛ፣ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም» አለች። ናቲን ዳሰስኩት። ይሞቃል፣ ልብሱም ደርቋል። በዚያ ጉም ውስጥ ነው የምላችሁ። «በገላዬ አሙቄው ነው» አለችኝ፣ ነርስ ናት፣ ከእሷ ጋር በዚህ አልከራከርም።

ጉሙ ሲገልጥ ቁልቁል ስናይ እኔና ቤዛ የሄድንበት አቅጣጫ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ገደል ነበር። አያ ደርሶ መጫኛው እንደጠፋ ስነግራቸው ፊቴን አዩትና «ይቅር፣ ማንም እንዳይፈልገው» አሉ፣ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸው። በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለስን።

ትዕግስት እስከ ዛሬ ትቆጣኛለች፣ መጫኛው ቁጥቋጦ ይዞት ነው፣ አንተ በድንጋጤ ነው ትለኛለች፣ እኔም እሺ እላታለሁ። ደህና ናት፣ ናቲም ደህና ነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም፣ ሰው ይሄን ሰምቶ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፣ እኔ ግን አንዳንዴ ምግብ ሲበላ እጁን ሳየው እቆያለሁ።

ባለፈው ሳምንት እናቱ ጓዳ ውስጥ ስታስተኛው ቤዛ ከደብተሯ ቀና ብላ ወደ እኔ ተጠጋች። «አባዬ፣ መጫኛውን ከለቀቅነው በኋላ፣ ዳገቱን ስንወጣ፣ ከታች ናቲ ሲያስል ሰምተኸዋል አይደል?» አለችኝ።

ሰምቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ አስሏል፣ ከዚያ «አባዬ» ብሏል፣ እኔ ግን ወደ ኋላ አልዞርኩም።

«አልሰማሁም» አልኳት፣ የቤት ሥራዋን እንድትጨርስ ነገርኳት።