የታምራት ሰው

አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ። አገር ቤት ሆሳዕና ከተማ እያለሁ ቸርች ውስጥ አንዱን መንፈስ ጣለው ተብሎ ሲንፈራገጥ፣ ሌላው ዙሪያውን ከቦ እየጮኸ ሲጸልይ፣ እኔ የወደቀው ሰውዬ ጫማ እንዳይሰረቅ ጫማውን የምጠብቅ ነበርኩ። ጆሃንስበርግ ከመጣሁ ደግሞ የምፈራው ሽጉጥ የያዘ ሰው ብቻ ሆነ፣ እመነኝ፣ እዚህ አገር ሱቅ የከፈተ ሰው ጋኔን የሚፈራበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ይህን ስትሰማ «ማርቆስም ለየለት» ብትል አልቀየምህም፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ታምራት ያመጣኝ ሰው ነው። ይህ አባባል እዚህ ላለነው የደቡብ ልጆች ትልቅ ነገር ነው፣ ለማያውቀው ላስረዳ። የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ከኔ በፊት መጥቶ ቮስሎሩስ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፈተ፣ ቀጥሎ የመንገዴን ከፍሎ አስመጣኝ፣ በየድንበሩ ስታሰር ለደላላው የሚደውለው እሱ፣ ስደርስ የተቀበለኝ እሱ፣ ያሳደረኝም እሱ ነበር። የእኛ ሰዎች አዲስ ፊት ሲያዩ ስሙን አይጠይቁም፣ «የማን ሰው ነህ?» ነው የሚሉት፣ እኔ የታምራት ሰው ነኝ። አንዱ ቢያስቸግረኝ፣ ከአበሻም ከአገሬውም ጋር ነገር ውስጥ ብገባ፣ ታምራት ይመጣና ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ «ይሄ የኔ ልጅ ነው፣ ነገር ካላችሁ ከኔ ጋር» ይላል፣ ነገሩም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። በዕድሜ ያን ያህል አይበልጠኝም፣ ግን ልጄ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን አስዋሸኝ።

ከዚያ ሱቁን ዘረፉት፣ ዘርፈው ሲጨርሱም አቃጠሉት፣ እኛ መሀል ከተማ ሂልብሮው የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ጋር ተዳብለን ግድግዳ ስናይ መዋል ጀመርን። አንድ ቀን ታምራት እየሳቀ ገባና ለፊልም አጃቢ የሚሆን ሰው እየፈለጉ ነው፣ ጠይም፣ ቀጠን ያለ ፊት ያለው፣ አዝቴክ የሚመስል አለኝ። አዝቴክ ምን እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም፣ እኔ እንዲያውም የጫማ ስም መስሎኝ ነበር። ከረጅም ዘመን በፊት ሜክሲኮ ውስጥ የነበሩ ጦረኞች ናቸው ሲሉን፣ እሺ፣ ሥራ ከሆነ አዝቴክም እንሆናለን ብለን ሄድን።

ቀረጻው ከከተማው በስተ ደቡብ፣ ከወርቅ ማዕድን በወጡ የአፈር ክምሮች ጀርባ፣ ሥራ ባቆመ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነበር። ከጣውላና ከጄሶ ትልቅ ደረጃ ያለው ቤተ መቅደስ ሠርተዋል፣ ከሩቅ ስታየው ድንጋይ ነው፣ ስታንኳኳው ቁም ሳጥን ነው። ታሪኩን የምታውቅ ከሜክሲኮ ያስመጧት አንዲት ሸበት ያለች ሴት አለች፣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ስለሆነች ሁሉም ዶክተር ይላታል፣ የእኛን ትዕይንት እሷ አስረዳችን። ከሌላ ሕዝብ የተማረከ ሰው ወገቡን በገመድ ከክብ ድንጋይ ጋር ይታሰራል፣ በስለት ፋንታ ላባ የተሰካበት ዱላ ይሰጠዋል፣ እውነተኛ ስለት የያዙ ጦረኞች በየተራ እየመጡ ይገጥሙታል። ካሸነፈስ ብዬ ጠየቅኳት፣ ሌላ ይመጣል አለችኝ፣ ይህን ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

የጎድን አጥንቴ ስለሚቆጠር ምርኮኛው እኔ ሆንኩ፣ ደረተ ሰፊው ታምራት ደግሞ የማረከኝ ጦረኛ ሆነና የገመዱን ጫፍ ይዞ ድንጋዩ ዳር እንዲቆም ተደረገ። ድሮም ያመጣሁህ እኔ ነኝ፣ አሁን ደግሞ በገመድ ሆነልኝ እያለ ጠዋቱን ሙሉ ሲያሾፍብኝ አረፈደ።

ሕዝብ ሆነው የሚጮኹት ሎኬሽን ከሚሉት ከአቅራቢያው የጥቁሮች ሰፈር የመጡ ሰዎች ነበሩ። ድምፁ በኋላ ስለሚቀየር የፈለጋችሁትን ጩኹ ተባሉ፣ ሰው ደግሞ በድንገት ጩህ ሲባል አፉ ላይ ያለውን ነው የሚያወጣው። «ሃምባ ክዌሬክዌሬ!» አለ አንዱ፣ ውጣ አንተ መጤ ማለቱ ነው፣ ሌላው «ማይ ፍሬንድ፣ አገርህ ግባ!» ብሎ ተቀበለው፣ ሁሉም ሳቁ። ሲደጋገም ግን የተወሰኑት ሳቃቸውን አቆሙና ጩኸቱ ብቻ ቀረ። ልዩነቱን አውቀዋለሁ፣ ሱቃችን የተቃጠለ ዕለት ጓሮ ተደብቄ የሰማሁት ይህንኑ ድምፅ ነበር። የጠዋቱን ልምምድ ስንጨርስ አንዲት እናት ከምሳዋ ላይ ቆርሳ በእጄ አስያዘችኝና ሥራ ነው፣ አትቀየም አለችኝ፣ እኔም አልተቀየምኩም፣ የበላሁት ግን መውጫውን እያየሁ ነበር።

ሰውዬውን መጀመሪያ ያየሁት የፊት ቀለም በሚቀቡበት ድንኳን በር ላይ ነው። ወንበር እያለ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሏል። የሌሎቹ ጦረኞች ልብስ ነብር የታተመበት ጨርቅ ነው፣ እሱ የለበሰው ጸጉር ያለው ቆዳ ነበር፣ ሁላችንም የምናስረው የወረቀት አምባርም እጁ ላይ የለም። ዝንብ ከንፈሩ ላይ ያርፋል፣ እሽ አይልም። ከሰዓት በኋላ ቄራ በር ላይ የሚሸተውን ሽታ ታውቀዋለህ አይደል፣ እሱ ነው የሚሸተው። ደግሞ የሚያየው ፊቴን አይደለም፣ በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው እንደሚያየው ጭኔንና ደረቴን ነው።

በልቤ ያልኩት ግልጽ ነው፣ ይሄ የኔን ቦታ ፈልጎ ያጣ የአገሬው ሰው ነው። ደግሞ ፊቱ የሚታይ ቦታ ለመጤ ተሰጠ ብሎ ያማረረ ሰው እንዳለ ጠዋት ሰምቼ ነበር። ሱቅ ያለው ሰው የተቆጣ ሰው ሲያይ የሚያደርገውን አደረግኩ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ይዤ፣ ፈገግ ብዬ፣ «ሳውቦና ባባ» ብዬ በዙሉ ሰላምታ ቀረብኩት። ለስላሳውን ትቶ ክንዴን ያዘ። እጁ ቀዝቃዛ ነው፣ በአውራ ጣቱ ሥጋዬን እዚህም እዚያም ጫን ጫን እያደረገ ሲያይ ቆየና «ልጄ» አለኝ፣ በእኛው ቋንቋ በሀዲይሳ፣ አባቴ በሚጠራኝ አጠራር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የታሰሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣ ዛጎሎች ነበሩ፣ እሱ ሳይንቀሳቀስ እነሱ ሲንሿሹ ሰማሁ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ታምራት ጋ ነበር የሮጥኩት። ታምራት ለምሳ ከተሰለፈበት ወጥቶ፣ እጄን ይዞ ተመለሰ፣ እንደ ልማዱ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

«ወንድም፣ ይሄ የኔ ልጅ ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ነገር ካለህ ከኔ ጋር ነው» አለው።

ሰውዬው ብድግ አለ። እኔን ማየቱን ተወና ለመጀመሪያ ጊዜ ታምራትን አየው።

«ምስክር አለህ?» አለ።

ታምራት ሳቀና ወደ ሰልፉ እየጠቆመ «ይሄ ሁሉ ሰው ምስክሬ ነው» አለው። ሰውዬው በጨዋ ደንብ ራሱን ነቅንቆ በቤተ መቅደሱ ደረጃ ጀርባ ሄደ። ታምራት ወደ ሰልፉ ሲመለስ የሰውዬው ዙሉ ግን ጥርት ያለ ነው፣ ከገጠር የመጣ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። የምን ዙሉ፣ በሀዲይሳ እኮ ነው ያናገረህ ስለው፣ ፀሐይ መትቶሃል ውሃ ጠጣ አለና ሳህኑን አነሳ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ልማዱ መጥቆር ጀመረ፣ እዚህ አገር ዝናቡ በበጋ ነው፣ ዳይሬክተሩ ዝናብ ሳይመጣ እንጨርስ ብሎ ያዋክበናል። ወገቤን አሰሩኝ፣ ላባ የተሰካበትን ዱላ ሰጡኝ፣ ሕዝቡ ጩኸቱን ለቀቀው። ሦስቱ ጦረኞች የጎማ ስለታቸውን ይዘው በየተራ መጡ፣ የተለማመድነውን አደረግን። ሦስተኛው ዘወር ሲል ጩኸቱ ጠፋ። ሰዉ ዝም አላለም፣ አፋቸው ተከፍቶ ይታየኛል፣ እጃቸው ይወራጫል፣ ድምፅ ግን የለም፣ የሚሰማኝ የዛጎሎቹ ሹሽታ ብቻ ነበር።

ሰውዬው ድንጋዩ ላይ ወጣ። በያዘው ዱላ ዳርና ዳር የተሰካው ጥቁር ድንጋይ ስለት ነው፣ ጎማ አይደለም፣ ጠርዙ ብርሃን ያሳልፋል። ዱላዬን አነሳሁበት፣ በአንድ ጣቱ ገለል አደረገውና አልፎኝ ሄደ። ታምራት ገመዱን እንደያዘ ፈገግ ብሎ ያየው ነበር፣ የፊልሙ አካል መስሎት ነው። ሰውዬው መዳፉን ታምራት ደረት ላይ አሳረፈ፣ ሊጥ ኩፍ ማለቱን እንደሚያይ ሰው ትንሽ ጫን አድርጎ ቆየ። ከዚያ መብረቅ ጮኸ፣ በረዶው ወረደ፣ ሰው ሁሉ ተበታተነ፣ ገመዱን የፈታልኝ ታምራት ራሱ ነው፣ ጣቶቹ እሺ እያሉት አልነበረም።

ድንኳን ውስጥ ብርድ ልብስ ደራረቡለት፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። እጁ ገባ አለኝ። የማን እጅ ስለው መልሶ፣ እጁ ገባ፣ ውስጥ ነው ያለው አለኝ። ደረቱን ገልጬ አየሁ፣ ጭረት እንኳ የለም። ዶክተሯ ስትገባ አራተኛው ጦረኛ ማነው ብዬ ጠየቅኳት፣ አራተኛ የለም፣ የተጻፈው ለሦስት ነው አለችኝ። የሆነውን ነገርኳት፣ ልጄ እንዳለኝ፣ ታምራት የኔ ነው እንዳለው፣ ምስክር እንደጠየቀው።

ምስክር የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። ከዚያ አስተማሪ ነችና ማስረዳት ጀመረች፣ ጦረኛ የማረከውን ሰው ልጄ ይለዋል፣ ምርኮኛውም አባቴ፣ ክብሩም ማዕረጉም በዚያ ምርኮኛ ነው፣ ሌላ ሰው የማረከውን የኔ ነው ያለ ጦረኛ ግን ምስክር ተጠርቶበት ይሞታል፣ ሌላ ቅጣት የለውም። ይህን ከተናገረች በኋላ ነው የምትናገረው የት እንደሆነ የገባት። ታምራት እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል፣ ከኔ ቀድሞ ሰማት።

እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። «ማርቆስ፣ የታምራት ሰው አይደለሁም በል።»

«ዝም በል ታሜ፣ አምቡላንስ እየመጣ ነው።»

«ጮክ ብለህ በል። ይስማ።»

«የታምራት ሰው አይደለሁም» አልኩ።

«አላመጣኝም በል።»

«አላመጣኝም።»

«ታዲያ የማን ነህ?»

ይህን እንቢ አልኩ። አለቀሰ፣ ሱቁ ሲቃጠል ያላለቀሰ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቴን አስታውስ፣ የሷን እንጀራ አትዝጋ፣ በልልኝ አለኝ። ምን ላድርግ፣ ፊቴን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዞርኩና በሀዲይሳ «የሰውዬው ነኝ» አልኩ። ሸራውን የሚደበድበው በረዶ ነው፣ ከበረዶው ጋር ግን ዛጎሎቹ እየቀረቡ ሲመጡ ሰማኋቸው፣ ግድግዳው ጥግ ደርሰው ቆሙ። ታምራት እፎይ ብሎ እጄን ለቀቀኝ። አምቡላንሱ ይዞት ከካባው በር ሳይወጣ ሞተ።

ሆስፒታል ልቡ ነው አሉ። የተቀረጸውን አሳዩኝ፣ ሦስቱ ጦረኞች አሉ፣ ከዚያ እኔ ባዶ አየር ላይ ዱላ አነሳለሁ፣ ታምራት ባዶ አየር እያየ ፈገግ ይላል።

ለቅሶው ላይ ጋሽ ኤርጫፎ አጠገቤ ተቀመጡ፣ አሌክሳንድራ ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ የአገራችን ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። እንግዲህ የማን ሰው ሆንክ፣ ማን አለህ ብለው ጠየቁኝ፣ እኔ ወደ በሩ ዞሬ አዳመጥኩ። አዘኑልኝ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ለለቀስተኛው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የኔ ልጅ ነው፣ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ» አሉ። አይበሉ ጋሼ፣ ይተዉት ብዬ አፋቸውን ልይዝ ተነሳሁ፣ ሰዉ ኀዘን አናወዘው ብሎ ያዘኝና «ምስክር ነን» አለ፣ ቤቱ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ።

አሁን የምሠራው እሳቸው ሱቅ ነው። ጋሽ ኤርጫፎ ደህና ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይስቃሉ፣ እሁድ እሁድ ቸርች ውስጥ ስለኔ ይመሰክራሉ፣ ከወለድኳቸው አንዳቸውም እንደዚህ ልጅ ጠዋት ጠዋት እየደወሉ እንዴት አደርክ አይሉኝም እያሉ። እውነት ነው፣ ሱቁን ሳልከፍት እደውላለሁ፣ ስልኩ ቶሎ ካልተነሳ ደግሜ ደግሜ እደውላለሁ። ሲያነሱ ብዙ አላወራም፣ እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ ከድምፃቸው ጀርባ የዛጎል ድምፅ እንዳለ አዳምጣለሁ። እስካሁን የመኪና ድምፅ ብቻ ነው።