ገበያ የመለሰው ንጉሥ

«ቀስ በይ እንጂ እናኔ! መስቀል ነው የያዝሽው፣ ድስት አይደለም።»

እናናየሁ እጇን አዘገየች። አመድና ሎሚ የነካው ጨርቅ ጠቁሯል፤ በውስጡ ያለው የአንገት መስቀል ግን እየነጣ መጥቷል። አባቷ አንጥረኛው ወልደተንሣኤ ከወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ጉጠቱን ይጠርጋል። የ፲፰፻፸፱ ዓመት መስከረም ገና አላለቀም፤ የአንኮበር ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ እስከ ደጃፋቸው ደርሷል።

«እማማ ሸዋወርቅ ዛሬ ይመጣሉ» አለ አባቷ። «ደስ ይላቸዋል። ብሩም ጥሩ ብር ነበር።»

እናናየሁ መስቀሉን መወልወሏን ቀጠለች። ብሩ ጥሩ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ከፊሉ የእሷ ነበርና።

ነገሩ የሆነው ከአምስት ቀን በፊት ነው። አባቷ ከሰል ሊገዛ በወጣበት እማማ ሸዋወርቅ በጨርቅ የተቋጠረ ብር ይዘው መጡ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ብር ያመጣ ሰው ከአንጥረኛው ፊት ቁጭ ብሎ፣ ብሩ ተመዝኖ፣ እሳት ላይ ወጥቶ ውሃ እስኪሆን ድረስ ዓይኑን አይነቅልም። አንጥረኛን ማን ያምናል? ወልደተንሣኤን ግን ያምኑታል። እማማ ሸዋወርቅም ቋጠሮውን ለእናናየሁ ሰጡና «ለአባትሽ ስጪው። እሱ ካለ እኔን ምን አስቀመጠኝ» ብለው በምርኩዛቸው እየዳበሱ ሄዱ።

እናናየሁ ቋጠሮውን ፈታችው። አንድ ጠገራ ብር ወጣ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ ከጠገራው የሚያንስ፣ አይታው የማታውቀው ብር።

እናናየሁ ገበያ የሚመልሰውን ገንዘብ ትሰበስባለች። ታች አልዩ አምባ ገበያ ሰው ደስ ብሎት የሚቀበለው ብር አንድ ብቻ ነው፤ ያቺ ወፍራም ንግሥት ያለችበት ጠገራ። ሻጩ ብሩን ወደ ብርሃን አዙሮ በዘውዷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይመረምራል። ካልጣመው «አልፈልግም» ብሎ ይወረውረዋል። እንዲህ የተወረወሩትን እናናየሁ በአሮጌ የቀንድ ዋንጫ ውስጥ ታስቀምጣለች። የዓረብ ጽሑፍ ያለበት መዳብ አለ፤ መሃሉ የተበሳ አለ፤ አፍንጫው ያለቀ ንጉሥም አለ። ሁሉም ስድስት ናቸው። ጓደኛዋ በሰለች ስታያቸው ሁልጊዜ ትስቅባታለች።

«እስቲ ልጆችሽን አውጪልኝ፣ አንቺ የተባረሩ ነገሥታት ሞግዚት!»

ይህ ሰባተኛው ግን የተለየ ነበር። አንድ ሰው ወደ ቀኝ ዞሮ ይታያል። ዘውድ የለውም። የላይኛው ከንፈሩ ጢም ከጉንጩ ጠጉር ጋር ተገናኝቶ ወርዷል፤ አገጩ ግን ተላጭቷል። በጀርባው ዘውድ የደፋ ጋሻ አለ፤ በጋሻው ውስጥ ቀጥ ያሉ መስመሮችና በበትር ላይ የተሰካ እንክብል ነገር። ጠርዙ እንደ ሞረድ ጥርስ ጣት ይይዛል። እናናየሁ ከሰል የጫነው አህያ በር ላይ እስኪደርስ አየችው። አባቷ ከሰሉን ሲያራግፍ ሚዛኑን አወረደች። ተሰብራ የተቀመጠች የልጅነት የእግር ብር፣ አልቦ፣ ነበረቻት። በሚዛኑ በአንዱ ጎን አልቦዋን፣ በሌላው ንጉሡን አደረገች። ትንሽ ሞረደቻት። ሚዛኑ ቀጥ አለ።

አባቷ ያቀለጠው ጠገራውንና አልቦዋን ነው። ብር ከብር ምን ይለየዋል? እማማ ሸዋወርቅ አንዲት ፍንጣሪ አልጎደለችባቸውም። አምስት ቀን ሙሉ ይህን ለራሷ ስትነግር ሰነበተች።

እማማ ሸዋወርቅ ከሰዓት በኋላ መጡ። በሰለችም ውሃ ቀድታ ስትመለስ ማድጋዋን ደጅ አስቀምጣ ገባች። ወልደተንሣኤ ተነሥቶ መስቀሉን በሁለት እጁ ሰጣቸው። እማማ ሸዋወርቅ ዓይናቸው ደክሟል፤ መስቀሉን በአውራ ጣታቸው ክንፍ በክንፍ ዳሰሱት።

«እግዜር ይስጥህ» አሉ። ቀጥለውም ፈገግ አሉ። «የቱ ጋ ይሆን ያለው?»

«ማን?» አለ ወልደተንሣኤ።

«ንጉሡ ነዋ! ልጄ ደምመላሽ የላከልኝ። ወደ ታጁራ ወደብ ከወረደ ይኸው አራት ዓመቱ። የመርከብ እሳት ይማግዳል አሉኝ። እንደ ልጅህ እንደዚች ማለት ነው፤ ከእሳት ፊት። ብሩን ያመጣልኝ ነጋዴ፣ ‹የሐዋይ ንጉሥ ነው፤ በባሕር መካከል ያለ አገር ነው፤ ንጉሡም ፈረንጅ አይደለም፣ እንደኛ ጠይም ነው› አለኝ። አልዩ አምባ ወስጄ ባሳይ አንድም ሰው አልነካልኝ። እኔም እሰይ አልኩ! ልጄ በእጁ የያዘው ብር ነው፤ ባንገቴ ይሁን አልኩ።» ወደ እናናየሁ ዞሩ። «አንቺ ነሽ ወናፍ የምትነፊው አይደል? አየሽው ሲቀልጥ?»

በሰለች ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እናናየሁ ምሥጢሩን የነገረችው ለእሷ ብቻ ነበር።

«አዎ» አለች እናናየሁ። «አየሁት።»

«ተባረኪ።» እማማ ሸዋወርቅ መስቀሉን በማተባቸው ላይ አሰሩ፤ በነጠላቸው ሸፈኑት፤ እንደገና ደግሞ በላዩ ዳሰሱት። ከዚያ ጉሙ ውስጥ ገቡ።

በሰለች ክንዷን ጎትታ ወደ ደጅ አወጣቻት። «ምነው አመድ መሰልሽ? ደስ ብሏቸው አይደል የሄዱት?»

«ንጉሡ የለበትም እኮ፣ በሰለች።»

«መስቀሉ ውስጥ ገብተው አያዩት! አንቺ ካልተናገርሽ ማን ይናገራል? እኔ እንደሁ አፌን ዘግቻለሁ። አባትሽን አስቢ። ‹የወልደተንሣኤ ልጅ ብር ትለውጣለች› ከተባለ ማን እዚህ ይመጣል?»

በሰለች ማድጋዋን አዝላ ሄደች። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ለዚህም ነው እናናየሁን የከበዳት። ወደ ቤት ገብታ ዋንጫውን ከመደርደሪያው አወረደች። ንጉሡን አወጣችው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ስታየው የሐዋይን ስም አታውቅም፤ ስለ ጢሙ ትገረም ነበር። አሁን ግን ከፊቱ ይልቅ የታያት ጥላሸት የነካው፣ የማታውቀው የደምመላሽ እጅ ነው።

«አባዬ።»

ወልደተንሣኤ ቀና አለ። እናናየሁ መዳፏን ዘረጋች። አባቷ ብሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ብሩን አየ።

«በምን ተካሽው?»

«በአልቦዬ።»

«መዝነሽ?»

«መዝኜ። ልክ ነበር።»

«ልክ» አለ አባቷ። ጉጠቱን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ሰው ብሩን እዚህ ቤት ትቶ የሚሄደው ለሚዛኑ መስሎሽ ነው? ሚዛንማ ሁሉም ቤት አለ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ ሸዋወርቅ ይህን ለሰው ቢያወሩት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ልንገራቸው?»

እናናየሁ ብሩን ጨበጠችው። ጠርዙ መዳፏን ቆነጠጣት። «አይ። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች።

የእማማ ሸዋወርቅ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ነው። እናናየሁ እንደደረሰች ከአጥሩ ሆና ተጣራች፤ እማማ ሸዋወርቅ ሲወጡም ሳትቀመጥም፣ ሳትሳለምም ብሩን በእጃቸው ላይ አኖረችው። እማማ ሸዋወርቅ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አዞሩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር።

«ሲቀልጥ አየሁት አልሽኝ።»

«ዋሸሁ።»

«ለምን?»

«አምሮኝ» አለች። «እንዲጠፋ አልፈለግሁም።»

ከቤቱ ጀርባ ዶሮ ታካካለች። በመጨረሻ እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄዶ ማተቡን መፍታት ጀመረ።

«ለአባትሽ ንገሪው፤ ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ይህም ያም አብሮ ይቀልጣል። ግን» አሉ፣ መስቀሉን በእጃቸው እንደያዙ፣ «ይህንንም ራሴ ነው የማመጣው። ነገም ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

እናናየሁ አንገቷን ደፋች። ከስድብም ከዱላም ይልቅ ይህ ቃል እስከ ቤቷ ተከተላት።

በማግስቱ እማማ ሸዋወርቅ ከእሳቱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ወልደተንሣኤ መስቀሉንና የሐዋዩን ብር በማቅለጫው ሸክላ ውስጥ አኖረ። «የልጅቷ አልቦ ገብቶበታል፤ ትርፉን ቆርጬ አወጣለሁ» አለ።

«አይቆረጥ» አለች እናናየሁ።

«እንግዲያው መስቀሌ ሊወፍር ነው» አሉ እማማ ሸዋወርቅ። አልሳቁም፤ ድምፃቸው ግን ከትናንቱ ለሰስ ብሏል።

እናናየሁ ወናፉን ያዘች። ከሰሉ ቀላ፣ ከዚያም ነጣ። መስቀሉ ክንፎቹን ሰበሰበ። ንጉሡ ግን ጥቂት ቆየ፤ በፍሙ ውስጥ ፊቱ ደምቆ ከቀድሞው ይልቅ ጎልቶ ታየ። እናናየሁ ወናፉን አበርትታ ነፋች።

እማማ ሸዋወርቅ አንገታቸውን ወደ እሳቱ አስግገዋል፤ ዓይናቸው በሙቀቱ ያነባል።

«እኔ ብርሃኑን ብቻ ነው የማየው» አሉ። «መልኩን አንድ ቀን አጥርቼ አላየሁትም። አንቺ አምስት ቀን አይተሽዋል። ምን ይመስል ነበር?»

እናናየሁ ወናፉን ሳታቆም፣ ከጢሙ ጀመረችላቸው።