የምሰሶው ከረጢት

ከረጢቱ ሲፈታ ከውስጡ የወጣው ድንጋይ ነበር።

አስጎብኚዋ ዓይኗን ማመን አቃታት። እጇን እስከ ክርኗ ከታ ፈተሸች። ድንጋይ፣ ሣር፣ ደግሞ ድንጋይ። የሁለቱን ድንኳኖች የብረት ምሰሶዎች ጠዋት በገዛ እጇ ቆጥራ የከተተችው እዚህ ውስጥ ነበር። አሁን አንድም የለም። ስምንት ሰዓት አልፏል። ነፋሱ ከላይ ከበረዶው እየተንደረደረ ይወርዳል፤ ድንኳኖቹ እንደ ታጠበ አንሶላ መሬት ላይ ተዘርግተዋል።

"ገና በመጀመሪያው ቀን" አለች ለራሷ። "ገና በመጀመሪያው ቀን።"

ያለ ድንኳን ማደር አይቻልም። ማደር ካልተቻለ መመለስ ነው። በዚህ ዓመት ሁለት ጉዞ ከመንገድ መልሳለች፤ አንዱን በጎርፍ፣ አንዱን እግሩ በተሰበረ እንግዳ ምክንያት። ከሳምንት በፊት መሥሪያ ቤቱ የጻፈላት ደብዳቤ በጃኬቷ የውስጥ ኪስ አለ፦ ሦስተኛ ጉዞ ከተመለሰ የሥራ ፈቃዷ ይሰረዛል። ስለ ደብዳቤው ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

"ይሄ ስርቆት ነው" አለ ከኋላዋ ዳኛው፤ ከሚስቱ ጋር የመጣው እንግዳዋ። "ማንም ሰው ከዚህ ንቅንቅ እንዳይል።"

"ወዴት እንነቃነቃለን፣ ጌታዬ?"

ዳኛው ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚዳኘው ሰው ያገኘው ገና ዛሬ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ሙሉ ስለ ዳገቱ ሲያማርር ነበር፤ ተራራ ዳገት እንዳለው የነገረው ሰው የለም መሰል። አሁን ግን ድካሙ ሁሉ ለቆት ሄዷል። ባለበቅሎውን በጣቱ ጠራው።

"በቅሎዋን የጫነ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"የመራትስ?"

"እኔው።"

"ያወረደውስ?"

"እሱም እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"እንግዲህ ሌላ ምን ምስክር ያሻል?" አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

ሚስቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታለች። "ከጠዋት ጀምሮ እንመለስ፣ እንመለስ ሲል የነበረ ሰውም አለ" አለች። "ወንዙ ዳር ምሳ በልተን ስንነሳ፣ ባርኔጣዬን ረሳሁ ብሎ ብቻውን ወደ በቅሎዋ የተመለሰ ሰው።"

"እኔን ነው?"

"ስም አልጠራሁም።"

አስጎብኚዋ ስለ ባርኔጣው አንድ አፍታ አሰበችና ተወችው። የዳኛውን የጫማ ክር ዛሬ ሁለቴ ያሰረችው እሷ ናት። እሱ የበቅሎ ጭነት ፈትቶ መልሶ ሊያስር?

"ወንዙ ዳር ተኝተህ ነበር?" አለችው ባለበቅሎውን።

"ሩብ ሰዓት ጋደም ብያለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እህቴ። ጠዋት ግራና ቀኙን እኩል መዝኜ ነው የጫንኩት። በአንድ ኪሎ ቢዛነፍ ኮርቻው ይጋደል ነበር። እዚህ እስክንደርስ አልተጋደለም። ድንጋዩን የከተተው ሰው ክብደት በእጁ ያውቃል።"

"መዛኙ አንተው አይደለህ?" አለ ዳኛው።

ባለበቅሎው ወደ አስጎብኚዋ ዞሮ እጆቹን ዘረጋ። እሷ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

ከዚያ ከረጢቱ አጠገብ ተንበርክካ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር። ከላይ ትንንሾቹ፣ ከታች ትልልቆቹ። በየሁለቱ መካከል እንዳይንኳኩ የተጎዘጎዘ ደረቅ ሣር። አንዱ ከሌላው ጎን ልክክ ብሎ ተቀምጧል። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ይህን አደራደር አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው አይታዋለች።

ተነስታ ወደ ትልቁ አለት ጀርባ ሄደች።

በየጉዞው አብሯት የሚወጣው ምግብ አብሳይ ከነፋሱ ተከልሎ ድንች ይልጣል።

"ጋሼ፣ የት ነው ያስቀመጥከው?"

ቀና አላለም። "ምኑን?"

"ተው እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት ሁሉ አንገሽግሾኛል፤ አንተ ደግሞ አትጨምርበት። ድንጋይ እንኳ ስትከት እንደ ድስት ነው የምትደረድረው?"

የገዛ እጁን፣ አሳልፎ የሰጠውን ሰው እንደሚያይ አየው።

"እጄ ሌላ አያውቅበትም" አለ በመጨረሻ። "ወንዙ ላይ ካለው ድልድይ ሥር ነው። እንዳይዝግ በሸራ ጠቅልዬዋለሁ።"

"እንዳይዝግ! እሱን አሰብክ?"

"ባለፈው ጉዞ ሁለተኛው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ ስቀር ውኃ እየቀዳሁ አልነበረም። ትንፋሽ አጥሮኝ ነው። ሐኪሙ ሳንባህ አልቋል፣ ከመጀመሪያው የድንኳን ሰፈር በላይ ከወጣህ በሬሳ ሣጥን ነው የምትወርደው አለኝ።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"አልሄድም ካልኩ ለምን ይሉኛል። ለምን ከተባልኩ በቦታዬ ሌላ ሰው ይገባል። ዕቃ ጠፍቶ ብንመለስ ግን የማንም ጥፋት አይሆንም። ወቅቱም እያለቀ ነው፤ እስከሚመጣው ዓመት ይሻለኛል ብዬ ነው።"

"የማንም ጥፋት አይሆንም?"

ደብዳቤውን አውጥታ እጁ ላይ ጣለችው። ከዓይኑ አርቆ አነበበው። ከዚያ ቢላዋውን ድንቹ ላይ አስቀመጠ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ?"

ከአለቱ ወዲያ የዳኛው ድምፅ ተሰማ።

"ኪስህን ገልብጥ።"

"ምሰሶ በኪስ ይያዛል፣ ጌታዬ?"

ምግብ አብሳዩ ተነስቶ ሄደ። "እኔ ነኝ" አለ። "ያለበትን አሳየዋለሁ። እሱን ተዉት።"

ዳኛው በጣም ቅር አለው። "ገና መቼ ተጠየቅህና?"

ሁሉም ከተነገረው በኋላ፣ በማግሥቱ ወርዶ አቤቱታ እንደሚጽፍ አስታወቀ። ሚስቱ አቤቱታውን ላይ ወጥቶም ሊጽፈው እንደሚችል፣ እሷ ግን ለዚህ ቀን ስድስት ዓመት እንደጠበቀችና ብቻዋንም ቢሆን እንደምትወጣ ነገረችው። ዳኛው ጫማውን ሲያጠብቅ ታየ።

ባለበቅሎው ባዶዋን በቅሎ አዘጋጀ። ወንዙ ቁልቁለቱን አንድ ሰዓት ነው፤ ሳይመሽ ምሰሶዎቹን ይዞ ይደርሳል። ምግብ አብሳዩ ከድልድዩ በኋላ ወደ መኪናው መንገድ ይቀጥላል። የምሳ ዕቃውን ብቻ በትከሻው አንጠልጥሎ መጣና አጠገቧ ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤ በዚህ ሰዓት በየቀኑ ለመሥሪያ ቤቱ በሬዲዮ ማሳወቅ ግዴታዋ ነው።

"ሰረቀ በያቸው" አለ ቀስ ብሎ።

"ምን?"

"የሰረቀ አንድ ዓመት ነው የሚታገደው። ከዚያ ሽማግሌ ልኬ፣ ይቅርታ ጠይቄ እመለሳለሁ። ታመመ ካልሽ ግን አለቀ። ላንቺም ይሻልሻል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል።"

እውነቱን ነው። ሰረቀ ብትል ጥፋቱ ከሷ ይወርዳል። ዳኛው የፈለገውን ቢጽፍ መልስ አላት።

ሬዲዮውን ከፈተች።

"መጀመሪያው ሰፈር ደርሰናል። እንግዶቹ ደህና ናቸው፤ ነገ እንቀጥላለን። ምግብ አብሳያችን ሳንባው ስለታመመ አውርጄዋለሁ። ከዚህ በኋላ ከፍታ ላይ መሥራት አይችልም፤ መዝግቡት። የድንኳን ዕቃ ወደ ኋላ ቀርቶብናል፤ ለእሱ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።"

ከወዲያ በኩል አንድ ሰው "ተመዝግቧል" አለ።

ምግብ አብሳዩ የምሳ ዕቃውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። "በዚህ አልምርሽም" አለ።

"እሺ።"

"የምሬን ነው።"

"አትማረኝ፣ ጋሼ" አለች፤ ትከሻውን ይዛ ወደ ቁልቁለቱ አዞረችው። "ብቻ ታች ሆነህ አትማረኝ።"